የ«ፍቅር እስከ መቃብር» አባቶች

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለድ ታሪካቸውን በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙ ወዲህ ስለ መጽሐፉ ያልተባለ ነገር የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሊቃውንቱ ቋንቋውን አድንቀዋል፤ የታሪክ ሰዎች የባላባቱንና የጭሰኛውን ኑሮ ከውስጡ መርምረዋል፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ስለ ተረከውም ፊደል ያልቈጠረ ሰው ሳይቀር በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤት ልጆች አድርጎ ለማወቅ በቅቷል። እንግዲህ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ በአንድ የገጠር ቀበሌ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ከመያዝ ያላለፈ ሰው በዚህ ላይ ምን ሊጨምር ይችላል የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ብዕሬን ያነሣሁት ግን መጽሐፉ ስለ ፍቅር ብቻ የተጻፈ ሆኖ ሲነገር ደጋግሜ በመስማቴ ነው። ባለፈው ክረምት ለሦስተኛ ጊዜ ሳነበው በእኔ ዓይን የታየው ሌላ ሆኗል። ከአምስት መቶ ገጽ በላይ የሆነው ይኸ ታላቅ መጽሐፍ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ስለ አባቶች የተጻፈ ነው።

የምሠራው በሐርላ ነው። ሐርላ ከድሬዳዋ ከተማ 15 ኪሎ ሜትር ያኽል ርቃ ወደ ሐረር አቅጣጫ የምትገኝ የገጠር ስፍራ ስትሆን፣ የእንግሊዝ አገር የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ምድሯን ቈፍረው በ12ኛው መቶ ዓመት የተሠራ መስጊድ፣ የጌጣጌጥ መሥሪያ ቦታና ባሕር ተሻግሮ የመጣ ዶቃ ማግኘታቸውን በ2009 ዓ.ም. ከገለጹ ወዲህ ስሟ በውጭ አገር ጋዜጣ ሳይቀር ተነሥቷል። ያገሬው ሽማግሌዎች ግን ቈፋሪዎቹ ሳይመጡም የራሳቸው ታሪክ ነበራቸው። የጥንቶቹ ሐርላዎች ቁመታቸው እጅግ የረዘመ፣ ዛሬ ሰው ተሰብስቦ የማይነቀንቀውን ድንጋይ ብቻቸውን አንሥተው የሚክቡ ግዙፋን ነበሩ፤ ሀብታቸው ቢበዛ ኰሩ፤ ቢኰሩ ጠፉ ይላሉ። ይኸን ወሬ በሰማሁ ቍጥር ፊታውራሪ መሸሻ ትዝ ይሉኛል።

የዕለት ሥራዬ የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት መዝገብ መያዝ ነው። ይኸ ምዝገባ በአዋጅ ቍጥር 760/2004 ተደንግጎ በ2008 ዓ.ም. በአገሪቱ ከተጀመረ ወዲህ፣ ሕፃን በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ግዴታ ሆኗል። በመዝገቡ ላይ የሕፃኑ ስም ይጻፋል፤ ቀጥሎ የአባቱ ስም፤ ቀጥሎ የአያቱ ስም። በብዙ አገር ሰው የሚጠራበት የቤተ ሰብ ስም አለው፤ ስሙም ከማን እንደ ተጀመረ እንኳ የማይታወቅ፣ ለሁሉም የጋራ የሆነ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞ የሚዞረው የአባቱን የገዛ ስም ነው። አባት ወደ ቢሮዬ ገብቶ ስሙ ከሕፃኑ ስም ኋላ ሲጻፍ ሲያይ በፊቱ ላይ የሚነበበውን ነገር ሁልጊዜ በጥንቃቄ እመለከታለሁ። ደስታ ነው። ነገር ግን የመሬት ደብተሩን ተቀብሎ ስሙን ከላዩ ያገኘ ሰው ፊትም ይመስላል። ይኸንን ፊት ደጋግሜ በማየቴ ሳይሆን አይቀርም መጽሐፉን እንደ ሌላው ሰው ለማንበብ ያልቻልሁት።

ፊታውራሪ መሸሻ የዲማ ባላባት ናቸው። ልጃቸው ሰብለ ወንጌል መልኳ ያማረ፣ ጠባይዋ የታረመ ስለ ሆነች ጠያቂ ይበዛባታል፤ አባትዋ ግን የሚመጣውን ሁሉ በዘር ሚዛን እየመዘኑ ይመልሱታል። ይኸ ዘሩ አይመጥነንም፣ ያኛው ከእኛ ጋራ አይቈጠርም ሲባል ዘመን ያልፋል፤ እኩዮችዋ ተድረው፣ ወልደው ሲስሙ ሰብለ በአባትዋ ቤት ትቀራለች። ሰብለን ያስረጃት ያባትዋ ስም ነው። የእሷ ስም ብቻዋን ቢሆን ኖሮ ከአንዱ ጋራ ሄዳ በኖረች ነበር፤ ከኋላዋ የተጻፈው ስም ግን ከበደ።

ብዙ ሰዎች ፊታውራሪን ልጃቸውን የማይወዱ ጨካኝ አድርገው ይናገራሉ። እኔ አልስማማም። ሴት ልጅን ማስተማር እንደ ቁም ነገር በማይቈጠርበት ዘመን በዛብህን ከቤታቸው አስገብተው ልጃቸውን እንዲያስተምር ያደረጉ እሳቸው ናቸው። ጠላት የገባበትን በር የከፈቱት በገዛ እጃቸው ነው፤ የከፈቱትም ልጃቸውን ከሌላው ልጅ የበለጠች ለማድረግ ሲሉ ነው። ይወዷታል። የሚወዷት ግን ሰው የራሱን እጅ ወይም የራሱን ዓይን እንደሚወድ ሆኖ ነው። እጅ ፈቃዱ አይጠየቅም። ሰብለ ፈቃድ ያላት ሌላ ሰው መሆንዋ የታወቃቸው ቤቱን ለቅቃ ከሄደች በኋላ ነው።

እዚህ ላይ በደራሲው ላይ ያለኝን ነቀፌታ ባልደብቅ ይሻላል። ክቡር ሐዲስ በፊታውራሪ መሸሻ አብዝተው ያስቁናል። ኵራታቸውን፣ ፉከራቸውን፣ ከዘመኑ ጋራ አለመራመዳቸውን እያሳዩ እንድንስቅባቸው ያደርጋሉ። ጭሰኞቹ የተጨመረባቸውን ግብር አንከፍልም ብለው በአበጀ በለው መሪነት ሲነሡባቸውም ፊታውራሪ የሚያሳዩት ሁኔታ ከሚያሳዝነው የሚያስቀው ይበልጣል። ሳቁ የብልኅ ሰው ሳቅ ነው፤ እኔም ስቄአለሁ፤ በሬዲዮው ትረካ ላይ ወጋየሁ የፊታውራሪን ድምፅ ሲያወጣ ሰምቶ ያልሣቀ ሰው አላውቅም። ይሁን እንጂ ሰው የሣቀበትን ሰው ራሱን አይመስለውም። አንባቢ መጽሐፉን ሲዘጋ «ያ የድሮ ባላባት ነበር፤ ዘመኑም አለፈ» ብሎ ልቡ ይቀላል። ባላባትነቱ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ መሬት ለሕዝብ ሲሆን በእውነት አልፏል። አባትነቱ ግን ያለፈ አይመስለኝም። ምንም ጋሻ መሬት የሌለው፣ ማሽላውን ከሰው ጋራ እኩል የሚያርስ ሰው በልጁ ላይ ፊታውራሪ መሸሻ ሲሆን በየቀኑ እናያለን። ደራሲው ሳቃቸውን ጥቂት ቢቈጥቡልን ኖሮ ይኸን በመጽሐፉ ውስጥ ለማየት መስታወት በሆነልን ነበር።

ከፊታውራሪ ይልቅ እኔን እንቅልፍ የነሣኝ አባት ግን ሌላው ነው። ስለ እሱ ብዙ ሲጻፍ አላየሁም።

የማንኩሳው ቦጋለ መብራቱ ደግ ሰው ነው። ከሚስቱ ከውድነሽ በጣሙ ጋራ ያላቸው ኑሮ በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ኑሮዎች ሁሉ ይበልጥ የሚያስቀና፣ እርስ በርስ መከባበርና መተዛዘን ያለበት ነው። የመጽሐፉን መጀመሪያ ምዕራፎች የሚያነብ ሰው እንዲህ ያለ ባልና ሚስት ይስጠኝ ማለቱ አይቀርም። እነዚህ ሰዎች ያላቸው ልጅ በዛብህ ነው። ሕፃኑ ታሞ ከሞት አፋፍ ሲደርስ ወላጆቹ ለፈጣሪ ስእለት ይሳላሉ፤ ልጁ ከዳነላቸው ዕድሜውን ሙሉ ሚስት ሳያገባ ቤተ ክርስቲያን ሊያገለግል። ልጁ ዳነ። ስእለቱም የእሱ ዕዳ ሆነ።

ይኸን ስናነብ ማንም አይስቅም፤ የሚቈጣም የለም። እናለቅሳለን እንጂ። ከሞት አፋፍ ያለ ልጁን አቅፎ ያለውን ሁሉ ለመስጠት የማይሳል ወላጅ ማን ነው? ነገር ግን አንባቢዬ ረጋ ብሎ ይመልከት። ቦጋለና ውድነሽ ለፈጣሪ የሰጡት ከየት ያመጡትን ነው? በሬያቸውን አልሰጡም፤ ርስታቸውን አልሰጡም፤ የራሳቸውን ቀሪ ዘመን አልሰጡም። የሰጡት የልጃቸውን ጐልማሳነት፣ የልጃቸውን ትዳር፣ ያልተወለዱትን የልጅ ልጆቻቸውን ነው። ፊታውራሪ መሸሻ በኵራት ያደረጉትን ቦጋለ በፍቅር አደረገው። አንደኛው ልጁን ከማግባት የከለከለው ለዘሩ ክብር ሲል ነው፤ ሁለተኛው የከለከለው ለልጁ ሕይወት ሲል ነው። በመጨረሻው ሰብለና በዛብህ አብረው እንዳይኖሩ የከለከላቸው አጥር በሁለት ወገን የተከበበ ሲሆን፣ አንደኛው ወገን በጥላቻ ሳይሆን በእንባ የተሠራ ነው።

የክቡር ሐዲስ ታላቅነት በይበልጥ የሚታየኝ በዚህ ነው። ደራሲው ቦጋለን አልከሰሱትም። አንድ ጊዜም ጣታቸውን አልቀሰሩበትም። ወላጆቹ በወረርሽኝ ካለቁ በኋላ ስእለቱ ብቻውን እንደ ሙት አደራ ሆኖ በዛብህ ላይ ሲቀር ያሳዩናል፤ ሕያው አባትን ለምኖ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ አኵርፎም ቢሆን ማሸነፍ ይቻላል፤ የሞተ አባት ግን ለምኑኝ አይልም። በዛብህ ከሰብለ ጋራ የሚያገኘው ደስታ ሁሉ ከአባት ከእናቱ አደራ እንደ ሰረቀው ሆኖ ይሰማዋል። የፊታውራሪ ጭካኔ እግሩን አስነሥቶ ወደ አዲስ አበባ መንገድ አባረረው፤ የወላጆቹ ፍቅር ግን በሄደበት ሁሉ ተከተለው።

አባትና ልጅ የሚጋጩበት ታሪክ በእኛ አገር አልተጀመረም። አቶ ከበደ ሚካኤል ከሼክስፒር የተረጐሙት «ሮሜዎና ዡልየት» በ1946 ዓ.ም. ታትሞ ስለ ነበር ክቡር ሐዲስ ሥራቸውን ሲያወጡ የአማርኛ አንባቢ በወላጆች ምክንያት የሚሞቱ ሁለት ወጣቶችን ታሪክ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። አንዳንድ ሰዎች ሁለቱን መጻሕፍት ሲያነጻጽሩ ፍቅሩን ከፍቅሩ፣ ሞቱን ከሞቱ ጋራ ያስተያያሉ። እኔ ደግሞ አንባቢዬ መቃብሩን ከመቃብሩ ጋራ እንዲያስተያይ እጠይቃለሁ። በሼክስፒሩ ተውኔት መጨረሻ ላይ ሁለቱ ጠላት አባቶች በልጆቻቸው ሬሳ አጠገብ ይቆማሉ፤ እጅ ለእጅ ይጨባበጣሉ፤ አንዱ ለሌላው ልጅ የወርቅ ሐውልት ለማቆም ይሳላል። ይኸም ታራቂ አባቶች እንኳ ከሐውልት በቀር የሚያስቡት እንደ ሌለ ያሳያል ብዬ ታዝቤአለሁ። በክቡር ሐዲስ መጽሐፍ ግን በመቃብሩ ዙሪያ የሚጨባበጥ አባት የለም። በዛብህ በሽፍቶች ተደብድቦ፣ ሰብለ የምንኵስና ልብስ ለብሳ በእግርዋ ተጕዛ ስታገኘው ሊሞት ተቃርቧል። እሷም መንኵሳ በመቃብሩ አጠገብ ዘመንዋን ትፈጽማለች። በመቃብሩ ውስጥ ከእነሱ ጋራ የሚያርፈው ሦስተኛ ሰው ካሳ ዳምጤ ነው።

ይኸ ሦስተኛ ሬሳ በመቃብሩ ውስጥ ምን ይሠራል? መጽሐፉ የሁለት ሰዎች ፍቅር ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ካሳ ትርፍ ነበር። መቃብር በአገራችን የዘመድ ነው፤ ሰው ከአባቱ፣ ከእናቱ፣ ከወንድሙ አጠገብ ይቀበራል። ክቡር ሐዲስ በልጆቹ መቃብር ውስጥ አባት በሚተኛበት ስፍራ ጉዱ ካሳን አስተኙት። ለእኔ የመጽሐፉ ፍርድ ይኸ ነው፤ በቃል አልተነገረም፤ በመቃብር ተነገረ። ካሳ የፊታውራሪ ዘመድ ሲሆን አገሬው በአነጋገሩና በኑሮው እንደ እብድ ቈጥሮ «ጉዱ» ብሎታል። ለሰብለም ለበዛብህም ግን ከታላላቆቹ መካከል እንደ እሱ ተቀምጦ የሚያዳምጥ አልነበረም። ወይዘሮ ጥሩአይነት እንኳ ልጃቸውን ቢያዝኑላትም ከባላቸው ጥላ መውጣት አልቻሉም። ሁለቱን ወጣቶች ሳይወልዳቸው፣ ስሙ በስማቸው ኋላ ሳይጻፍ፣ አባት ሊሠራው የሚገባውን የሠራ ጉዱ ካሳ ብቻ ነው።

በካሳም ላይ ግን የምለው አለኝ። ንግግሩ ይረዝማል። ስለ ሥርዓቱ ማርጀት፣ ስለ ልማድ ክፋት ሲያስረዳ አንዳንድ ጊዜ የዲማ ሰው መሆኑ ቀርቶ ክቡር ሐዲስ ራሳቸው ከመጋረጃ ኋላ ሲናገሩ ይሰማል። ልብ ወለድ ታሪክ ትምህርት ቤት ሲመስል አንባቢ ያዛጋል፤ በሬዲዮም ቢሆን እነዚያን ክፍሎች ሰው ቡና የሚያፈላባቸው ክፍሎች አድርጎ ያሳልፋቸዋል። ደራሲው በትምህርት ሚኒስትርነት ያገለገሉ፣ ለልጆችም «ተረት ተረት የመሠረት» የተባለውን መጽሐፍ የጻፉ ሰው ናቸውና የማስተማር ፍላጎታቸው ብዕራቸውን ሲያሸንፈው ባይ አልደነቀኝም።

በእኛ ሥነ ጽሑፍ የአባት ቦታ ለረጅም ዘመን የተናጋሪ ቦታ ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1910 ዓ.ም. ያሳተሙትን መጽሐፍ «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» ብለውታል። የመጽሐፉን ስም ብቻ ተመልከቱ፤ ምክሩ ወደ ልጅ ይሄዳል፤ መታሰቢያው ወደ አባት ይመለሳል። ውሉ እንዲህ ነበር። አባት ይናገራል፣ ልጅ ይሰማል፣ በሰማውም ልክ አባቱን ያስጠራል። በዚህ አነጋገር ብላቴን ጌታን መንቀፌ አይደለም፤ ዘመናቸው የምክር ዘመን ነበር፤ ምክራቸውም የደግ ሰው ምክር ነው። ከ48 ዓመት በኋላ ግን ክቡር ሐዲስ የጻፉት የሚሰሙትን ልጆች ነው። የሰብለን ዝምታ አንባቢ በፍጹም አይረሳውም። አባት የሚናገረው ሁሉ በልጅ ጆሮ ሲገባ ምን እንደሚሆን ለአማርኛ አንባቢ እንደ ክቡር ሐዲስ አድርጎ ያሳየ ከእሳቸው በፊት አላገኘሁም።

ዘመኑም የሚገጣጠም ነው። መጽሐፉ ከመውጣቱ ከስድስት ዓመት በፊት፣ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተጋቢዎቹ ራሳቸው ፈቃዳቸውን መስጠት እንዳለባቸው ደንግጎ ነበር። ያው ሕግ ደግሞ ባልን የቤተ ሰብ አስተዳዳሪ፣ የሴት ልጅንም የማግቢያ ዕድሜ 15 ዓመት አድርጎ ነበር። አንድ እግሩን ወደ ፊት፣ አንድ እግሩን ወደ ኋላ ያደረገ ሕግ ነበር ማለት ይቻላል። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 213 የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፣ በአዲስ አበባና በእኛይቱ ድሬዳዋ የሚሠራው፣ ለሁለቱም ጾታ 18 ዓመት አድርጎ ባልና ሚስቱን በእኩልነት አስቀመጣቸው። መጽሐፍ ሕግን አያወጣም። ሆኖም በሰብለ ያለቀሱ ሰዎች ልጆች ሕጉን ሲያሻሽሉ እንባው ምንም አልረዳቸውም ለማለት አልደፍርም።

ሕጉ ግን በወረቀት ላይ ነው፤ ወረቀቱም በእኔ ጠረጴዛ ላይ። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ አባት ለልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ሊያወጣ መጣ። ፊቱ የደግ ሰው ፊት ነው። ልጅቱ ከኋላው ቆማ በሻሽዋ ጫፍ ትጫወታለች።

«ዕድሜዋ ስንት ነው?» አልሁት።

«18 ብለህ ጻፍልኝ፣ ልጄ።»

«ጻፍልኝ ሳይሆን፣ አባቴ፣ ስንት ነው?»

ዝም አለ። ልጅቱን ዞሮ አያት። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ሰውየው ጥሩ ሰው ነው፤ ቤት አለው፤ ሁለተኛ እንደዚህ ያለ አላገኝላትም» አለኝ። አልጻፍሁም። እሱም አልተቈጣም፤ አመስግኖኝ ወጣ። ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ያለ ልክ አቆዩ፤ ይኸ ሰው ያለ ልክ ሊያስቸኵል መጣ፤ የሁለቱም ሐሳብ ግን አንድ ነው፣ ልጅቱ አንድ ቃል ሳትጠየቅ የሚያልቅ ሐሳብ። እውነቱን ለመናገር እኔም ልጅቱን አልጠየቅኋትም። ከአባትዋ ጋራ ተነጋግሬ አሰናበትኋቸው። ይኸን የተገነዘብሁት ማታ ቤቴ ገብቼ መጽሐፉን ስከፍት ነው።

የድሬዳዋ ሰው ይኸን ሲያነብ «እኛ ግን እንደ ዲማ ሰዎች አይደለንም» እንደሚለኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ በእኛ ዘንድ «እርስዎ» የሚባል ነገር ብዙ አይሰማም። የድሬ ልጅ አባቱን «አንተ» ይላል፤ አባትም ልጁም በአንድ ሰሃን በልተው እየተቃለዱ ያድራሉ። ከደጋ የመጣ እንግዳ ይኸን ሰምቶ ጆሮውን ይይዛል። በመጽሐፉ ውስጥ የፊታውራሪን ቤት ስናይ ደግሞ «እርስዎ» የሚለው ቃል እንደ ግንብ ቆሞ አባትን ከልጅ ይለያል። በዚህ ምክንያት ለብዙ ዘመን መጽሐፉ የሩቅ አገር ታሪክ ይመስለኝ ነበር። ልቤን የለወጠው የፊታውራሪ ቤት አይደለም። የቦጋለ ቤት ነው። «አንተ» ተባብሎም፣ እየተሳሳቀም፣ ሰው በልጁ ላይ ስእለት ሊሳል ይችላልና።

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። አንድም ቀን በቍጣ እጁን አላነሣብኝም። 12ኛ ክፍል ስጨርስ በሌላ ከተማ ባለ የመምህራን ማሠልጠኛ ለመግባት የሚያበቃ ውጤት አምጥቼ ነበር። አባቴ ውጤቴን አይቶ ደስ ብሎት ለጎረቤቱ ሁሉ ለስላሳ ገዛ። ማታ ብቻችንን ስንሆን፣ «አንተ ከሄድህ ይኸ ቤት የማን ቤት ይባላል?» አለኝ። አልከለከለኝም። ያን ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። ቀረሁ። ከዚያም አባቴ በሰላም አርፎ ተቀበረ፤ ቤቱም በስሙ ይጠራል። በሥራዬ አላፍርም፤ ነገር ግን በዛብህ ከወላጆቹ ሞት በኋላ ስእለቱን ተሸክሞ ሲንከራተት በማነብበት ጊዜ፣ በ12ኛ ክፍል ያነበብሁትና ዛሬ ያነበብሁት አንድ መጽሐፍ አልመሰለኝም። ክቡር ሐዲስ ቦጋለን አልከሰሱትም ብዬ ከላይ ያመሰገንኋቸው ስለዚህ ነው። እኔም አባቴን ለመክሰስ አልፈልግም፤ የሚከሰስም ነገር አላደረገም። ያላደረገውን ነገር ግን ስሙን የሚያወጣለት ሰው ያስፈልግ ነበር፤ በዚህ መጽሐፍ አገኘሁት።

ይኸን ሁሉ እንድጽፍ ያስገደደኝን ጉዳይ ሳልናገር ብቀር አንባቢን መደለል ይሆንብኛል። ታላቋ ልጄ 14 ዓመትዋ ነው። ትምህርቷ መልካም ስለ ሆነ በሌላ ከተማ ባለ አዳሪ ትምህርት ቤት እንድትማር ተመርጣለች። የወላጅ ፈቃድ የሚጻፍበት ቅጽ ቤታችን ከመጣ ሳምንት አለፈው፤ በመሳቢያዬ ውስጥ ተኝቷል። በቀን ለሌላ ሰው ልጅ ሰባት ስምንት ጊዜ የምፈርም ሰው ለገዛ ልጄ መፈረም አቃተኝ። ሚስቴ ቅጹን ታያለች፤ አትጠይቀኝም። ልጄም አትጠይቀኝም። አንድ ማታ ብቻ፣ መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ ስትገልጥ ቆየችና፣ «አባ፣ ሰብለ ለምን ለአባትዋ አልነገረችውም?» አለችኝ። አባትዋን «አልነገረችውም» ማለትዋን ልብ በሉ፤ ለድሬ ልጅ ፊታውራሪ መሸሻም «አንተ» ናቸው።

መልስ አላገኘሁላትም። «ስለ ፈራች ነው» እንዳልላት፣ መነኵሴ መስላ ያን ያኽል መንገድ ብቻዋን የተጓዘች ሴት ፈሪ አትባልም። «ቢነገረውም አይሰማም ነበር» እንዳልላት፣ ይኸን በምን አውቃለሁ? መጽሐፉን ሦስት ጊዜ አንብቤ ይኸን ጥያቄ አንድ ጊዜም አላነሣሁትም ነበር፤ ስለ መጽሐፉ የጻፉትም ሲያነሡት አላየሁም። ደራሲው አባትና ልጅን ፊት ለፊት አስቀምጠው ሰብለ የልብዋን ስትናገር ቢያሳዩን ኖሮ መጽሐፉ በዚያው ያልቅ ነበር ይሆን? ወይስ ፊታውራሪ ለአንድ አፍታ ያህል የምንሥቅባቸው ሰው መሆናቸው ቀርቶ አባት ሆነው በታዩን ነበር? ይኸን ጥያቄ የአሁኖቹ ወጣት ጸሐፊዎች ቢሞክሩት ለሥነ ጽሑፋችን አዲስ ነገር ይገኝ ይመስለኛል።

ማክሰኞ ማታ ቅጹን ፈርሜ ሰጠኋት። አንብባው አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። መጽሐፉንም አብራ ከተተችው፤ የእኔ ነው ብላት፣ «ስጨርስ እልክልሃለሁ» አለችኝ። በዚህ ምክንያት ከላይ የጠቀስኋቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ እንደገና ለማመሳከር አልተቻለኝምና አንባቢ ስሕተት ቢያገኝ እንዲያርመኝ በትሕትና እለምናለሁ።